የፓስታ ጉዞ፦ ከፒያሳ እስከ ሙየንጋ

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በኮረብታዎች ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። ከመሀል ከተማዋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲኬድ የሚገኘው የሙየንጋ ኮረብታ፣ በአናቱ ላይ የከተማዋ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ስላሉበት «ታንክ ሂል» በሚለው ስምም ይጠራል። ከላዩ ላይ ቆሞ ለሚመለከት የቪክቶሪያ ሐይቅ ከሩቅ ይታያል። ከግርጌው ደግሞ የሌሊት እንቅልፍ የማታውቀው የካባላጋላ ሰፈር አለች፤ ስሟ ሙዝ ከካሳቫ ዱቄት ጋር ተለውሶ በዘይት ከሚጠበሰው የኡጋንዳውያን ቂጣ ስም ጋር አንድ ነው። በኮረብታውና በግርጌው፣ በጋባ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ። እንጀራቸውን ጋግረው፣ ቡናቸውን አፍልተው፣ ምግብ ቤት ከፍተው ይሠራሉ። በ2000ዎቹ ስለ ካምፓላ የተጻፉ የጉዞ መጻሕፍት በዚህ ሰፈር «ፋሲካ»ን እና «ኢትዮጵያን ቪሌጅ»ን የመሳሰሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችን ለመንገደኛው ይጠቁሙ ነበር።

በዚህ አካባቢ የጣሊያን ምግብ የሚሻ ሰው በሁለት መንገድ ያገኘዋል። አንደኛው መንገድ ግልጽ ነው። በሙየንጋ በታንክ ሂል ጎዳና የታወቀው ካፌ ሮማ፣ በመሀል ከተማ በስፔክ ሆቴል የነበረው ማማ ሚያ፣ በኮሎሎ ኮረብታ ያለው ሜዲቴራኔዮ በየጊዜው የጣሊያንን ገበታ ለካምፓላ ሲያቀርቡ ከኖሩት መካከል ይቆጠራሉ። ስማቸውም፣ ወይናቸውም፣ የእንጨት ምድጃቸውም ከየት እንደመጡ ይናገራል። ሁለተኛው መንገድ ግን ምልክት የለውም። ሐበሻ ምግብ ቤት በከፈተበት አገር ሁሉ ብዙ ጊዜ እንደሚታየው፣ ከጥብሱና ከሽሮው ዝርዝር በታች ፓስታ በስልስ፣ ፓስታ በሥጋ፣ አንዳንዴም ላዛኛ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ፓስታ ከሮም በቀጥታ የመጣ አይደለም። በአስመራና በአዲስ አበባ ዞሮ፣ ጦርነት፣ እስራት፣ ድልና ስደት አልፎ የመጣ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ሁለተኛው መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ገበታ

ኢትዮጵያውያንና ጣሊያናውያን በአንድ ገበታ ዙሪያ በብዛት የተገናኙበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ምናልባት ከአድዋ ድል በኋላ የነበረው ነው ማለት ይቻላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ የተማረኩት ጣሊያናውያን ወደ አዲስ አበባ ከተወሰዱ በኋላ፣ ጥቅምት 1889 ዓ.ም. የሰላም ውል ተፈርሞ ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ በየመኳንንቱ ቤት ተደልድለው የተሰጣቸውን እየበሉ ኖረዋል። በዚያን ጊዜ አብዪው ኢትዮጵያዊ፣ ተመጽዋቹ ጣሊያናዊ ነበር። መሶቡም የባለቤቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአውሮፓውያን አመጋገብ ወደ አዲስ አበባ የገባው በጥቂቱና በባለቤቶቿ ፈቃድ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ያስከፈቱት ሆቴል ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ለእንግዳ መኝታና ምግብ በገንዘብ መሸጥ በአገሩ ባህል እንግዳ ነገር በነበረበት ዘመን፣ ሹካና ቢላዋ የሚቀርብበት ገበታ በከተማይቱ መሀል ተዘረጋ። በሰሜን በኩል ደግሞ ነገሩ ሌላ ነበር። ኤርትራ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ተብላ ስለነበር፣ በአስመራ ዳቦ መጋገሪያው፣ ቡና ቤቱና ፓስታው ከከተማይቱ ጋር አብረው አደጉ። ኋላ በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች ስማቸውን ያስጠሩ ብዙ ባለሙያዎች እጃቸውን ያፍታቱት በዚያ ነው።

የተዘጋው በር

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፣ የጣሊያን ምግብ ከወታደሩ ጋር በካሚዮን ተጭኖ ገባ። ከወታደሩ ቀጥሎ መንገድ ሠሪው፣ ግንበኛው፣ መካኒኩና ነጋዴው መጣ። ይህን ሁሉ ሰው ለመመገብ ዱቄት መፍጨት፣ ዳቦ መጋገር፣ ፓስታ ማቅረብ ግድ ሆነ። በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በደሴም፣ በጅማም ቡና ቤትና ምግብ ቤት በረከተ።

ነገር ግን እነዚህ ምግብ ቤቶች ለአገሬው ሰው የተከፈቱ አልነበሩም። ፋሺስቶች ከተማይቱን በቀለም ለሁለት ለመክፈል አቅደው፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው «የአገሬው ገበያ» ብለው ለብቻው ከለሉት። የዛሬው መርካቶ የተወለደው እንዲህ ነው። አራዳ ደግሞ የነጮች መዝናኛ እንድትሆን ተወሰነ፤ ፒያሳ የሚለው ስም የቀረውም ከዚሁ ነው። ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩ በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። ሰኔ 1931 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ከዚያ አልፎ፣ ለአገሬው በተመደቡ የሕዝብ ቦታዎች የሚያዘወትረውን ጣሊያናዊ እንኳ የሚቀጣ ነበር። አብሮ መብላት ሕግ መጣስ ሆነ ማለት ነው። ለኢትዮጵያዊ፣ እንግዳን ሳያበላ መሸኘት ነውር በሆነበት አገር፣ ከዚህ የበለጠ ባዕድ ሕግ ሊታሰብ አይችልም።

በዚያው ከተማ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ሁለት ቀናት የሆነውን ማንም አይረሳውም። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሺስት ጦርና ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች በየቤቱ እየገቡ ሕዝቡን ፈጁት። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ሲያደርሰው፣ ጉዳዩን በስፋት ያጠናው የታሪክ ጸሐፊ ኢያን ካምቤል 19,000 ገደማ ይሆናል ብሎ ገምቷል። ቁጥሩ ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያችው ከተማ ፓስታ የሚበላው ሰው ከዚህ እልቂት የተረፈ፣ ወይም የተረፈ ሰው ልጅ ነበር። የጣሊያን ምግብ በኢትዮጵያ ያለውን ታሪክ ከሌሎች አገሮች ታሪክ የሚለየው ይህ ነው።

ታዲያ ምግቡ በተዘጋው በር እንዴት አለፈ? በዋናው በር አልነበረም፤ በጓዳ በር ነው። የሚከለክሉት ሰዎች ራሳቸው ማብሰያ እጅ ያስፈልጋቸው ነበር። ሽንኩርት የሚከትፈው፣ ሊጥ የሚያቦካው፣ ምድጃ የሚያነደው፣ ሰሐን የሚያጥበው የአገሬው ሰው ነው። በገበታው እንዳይቀመጥ የተከለከለው ሰው የገበታውን ምሥጢር ሁሉ በእጁ ያዘ። ወራሪው በአምስት ዓመት ውስጥ ሲባረር፣ ይህ እውቀት ግን ከእርሱ ጋር አልሄደም።

ከድል በኋላ የቀሩት

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዋጅ አስነገሩ። በጎንደር ግንባር የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በዓመቱ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። እንግሊዞች ጣሊያናውያኑን ከአገሩ ጠራርገው ለማውጣት ቢሹም፣ ባለሙያ እጅ የቸገረው የኢትዮጵያ መንግሥት መካኒኩን፣ ግንበኛውን፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ማስቀረት ፈለገ። ከቀሩት መካከል ምግብ ቤት የከፈቱም ነበሩ።

የተማረኩት ብዙዎቹ ግን ወደ እንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ተጋዙ። በኬንያ በማይ ማሂዩ ቁልቁለት፣ ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የጣሊያን ምርኮኞች የሠሯት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆማለች። በናንዩኪ ከነበረው የምርኮኞች ካምፕ ደግሞ ፌሊቼ ቤኑዚና ሁለት ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1943 ከቀለባቸው ቆጥበው ስንቅ አዘጋጅተው አመለጡ፤ ወደ ኬንያ ተራራ ወጥተውም ተመልሰው ወደ ካምፓቸው ገቡ። ገዥ ሆነው የመጡት ሰዎች በምሥራቅ አፍሪካ መንገዶች ላይ ምርኮኛ ሆነው ተበተኑ።

በአዲስ አበባ የቀሩት ከተሸነፉ በኋላ አስተናጋጅ ሆኑ። ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት በፒያሳ የተከፈተው የካስቴሊ ምግብ ቤት የዚህ ዘመን ዋና ምልክት ነው። በአንድ ቤተሰብ እጅ ለአሥርት ዓመታት ሲዘልቅ፣ ትኩስ ፓስታው የከተማይቱን ባለሥልጣናት፣ የውጭ ዲፕሎማቶችን፣ ታዋቂ እንግዶችን ሲያስተናግድ ኖሯል። የጣሊያን ማኅበረሰብ ክበብ የነበረው ጁቬንቱስም ከስፖርቱ ጎን ገበታው የታወቀ ነበር። በዚያው በፒያሳ የኤንሪኮ ኬክ ቤት ለብዙ ትውልድ የቅዳሜ ከሰዓት ደስታ ሆኖ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመው ቶሞካ ደግሞ ቡናን በራሷ በቡና አገር ጣሊያንኛ አቆላልና አፈላል አስተማረ። ዋናው ለውጥ ግን በምግቡ ላይ ሳይሆን በወንበሩ ላይ ነበር። ትናንት እንዳይገባ የተከለከለው ኢትዮጵያዊ ዛሬ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ አዝዞ፣ ከፍሎ ይወጣል። የትናንቱ ገዥ ሰሐን ይዞ ይመጣለታል። የዘር ሕጉ የተሻረው በአዋጅ ብቻ አልነበረም፤ በየምሳ ሰዓቱም ይሻር ነበር።

ይህ ማለት ሒሳቡ ተዘጋ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወስኖ ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 በተደረገው ስምምነት መጠኑ ወደ 16.3 ሚሊዮን ዝቅ ብሎ፣ ገንዘቡ በዋናነት ለቆቃ የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ ዋለ። የአክሱም ሐውልት ደግሞ ወደ አገሩ የተመለሰው ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። ሐውልቱ ገና በሮም አደባባይ ቆሞ ሳለ የአዲስ አበባ ልጆች ፓስታ እየበሉ፣ ሐውልቱን መልሱ እያሉ አደጉ። በሁለቱ መካከል ተቃርኖ አላዩም፤ የሚበላውን በልተው የሚጠየቀውን ጠየቁ።

ባለቤትነት በበርበሬ

አንድ ባዕድ ምግብ የአገር መሆኑ የሚታወቀው አብሳዩ እንግዳውን ማስፈቀድ ሲተው ነው። በጣሊያን ፓስታ ጥርስ እንዲይዘው ሆኖ ነው የሚወጣው፤ በአዲስ አበባ ጉልት አጠገብ ባለች ምግብ ቤት ግን በደንብ ይበስላል። ስልሱ እንደ ወጥ ነው፤ ቀይ ሽንኩርቱ በዘይት ቁልልት ብሎ፣ ቲማቲሙ ገብቶበት ተንተክትኮ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ ሲፈለግም በርበሬው ይጨመርበታል። ብዙዎች ከነሹካው ይበሉታል፤ ሌሎች በእንጀራ ላይ ገልብጠው በእጃቸው ይጠቀልሉታል። ከዚህም በላይ ፓስታ በአቆጣጠሩ ኢትዮጵያዊ ሆኗል፦ የቲማቲም ስልስና ዘይት ብቻ ያለበት ፓስታ የጾም ምግብ ሆኖ ከረቡዕና ከዓርብ፣ ከሁዳዴና ከፍልሰታ ጋር ተስማማ። ቂቤውና ሥጋው ደግሞ ለፍስኩ ቀን ይጠብቃል። በሮም ማንም ያላሰበው ሥርዓት ነው።

ቋንቋውም እንዲሁ አድርጓል። ፉርኖ፣ ስልስ፣ መኮሮኒ፣ ፓስቲ፣ ጀላቲ፣ አሮስቶ፣ ማኪያቶ የሚሉት ቃላት በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ውስጥ እንግዳነታቸውን ከረሱ ሰነበቱ። ካዛንቺስ የሚለው የሰፈር ስም የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ሠሪ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት ምሕፃረ ቃል የመጣ መሆኑን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በጎንደርም የከተማይቱ መሀል ፒያሳ ተብሎ ሲጠራ፣ የፋሲል ግንብ ጥላ በአጠገቡ እንዳለ ነው። ሕዝቡ ስሙን ወርሶታል፤ ሰጪውን አልወረሰም።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በሶማሊያ ባስቶ የዕለት ምግብ ሆኖ ከሙዝ ጋር ይበላል፤ በሊቢያ መከሮኒ በቅመም ይቀቀላል። የጣሊያን ግዛት የነበሩት አገሮች ሁሉ ፓስታውን ይዘው ግዛቱን ጣሉ። ኢትዮጵያን ልዩ የሚያደርጋት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፓስታ የሚሠራበት ጠንካራ ስንዴ፣ ዱረም የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከጥንት ጀምሮ ሲዘራ የኖረ ነው። እውቁ የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በገበሬው ማሳ ያየው የስንዴ ዝርያ ብዛት አስደንቆት፣ አገሪቱን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል ብዝኀ ሕይወት ማዕከላት መካከል መድቧታል። በዚህ ዘመን ደግሞ በባሌ ገበሬዎች ዱረም ስንዴ ለአገር ውስጥ የፓስታ ፋብሪካዎች እንዲያመርቱ ሲደገፉ፣ ከደጋፊዎቹ አንዷ ጣሊያን ነበረች። ፓስታው ከጣሊያን መጣ ቢባልም፣ የእህሉ ዘመዶች በኢትዮጵያ ማሳ ይጠብቁት ነበር።

ከጓዳ ወደ ስደት

የ1966ቱ ለውጥ በፒያሳ ገበታዎች ላይም ደረሰ። በ1967 ዓ.ም. ድርጅቶች ሲወረሱ፣ በሐምሌው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ከጣሊያናውያኑ ብዙዎቹ ንብረታቸውን ትተው ሄዱ። ምግብ ማብሰያውን ግን ይዘውት መሄድ አልቻሉም፤ ከመጀመሪያውም በእነርሱ እጅ አልነበረምና። በወጥ ቤት የነበረው ኢትዮጵያዊ ምድጃው አጠገብ ቀረ፤ ምግብ ቤቱ ስሙ ቢለወጥም የምግቡ ዝርዝር አልተለወጠም።

በዚያው ዘመን ደግሞ ሌላ ጉዞ ተጀመረ። ከሽብሩ፣ ከጦርነቱና ከረሀቡ የሸሸው ሕዝብ በሱዳንና በኬንያ በኩል ወጣ። የኤርትራውያኑም ስደት ከዚህ ጋር ተያያዘ፤ ኋላም ቀጠለ። ኡጋንዳ ለእነዚህ መንገደኞች በአንድ ነገር ትለያለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የስደተኞች ሕጓ ስደተኛው በካምፕ ሳይታጠር እንዲንቀሳቀስና ሠርቶ እንዲያድር ይፈቅዳል። በደቡብ ሱዳን ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ወደ ጁባ ወርደው ሆቴልና ምግብ ቤት ከከፈቱት ሐበሾች መካከልም፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ጦርነት ሲነሣ ወደ ካምፓላ የዘለቁ ነበሩ። እንዲህ ሲጠራቀም ነው የካባላጋላና የሙየንጋ የሐበሻ ሰፈር የደረጀው።

በስደት አገር ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው የመጀመሪያ ችግሩ ጤፍ ነው። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስታግድ፣ በውጭ ያለው ጋጋሪ እንጀራውን በሩዝ፣ በማሽላና በስንዴ ማደባለቁ ይበልጥ ግድ ሆነበት። ፓስታ ግን በየሱቁ በከረጢት ይገኛል፤ አይበላሽም፣ ርካሽ ነው፣ ፈጥኖ ይደርሳል። በተጨማሪም የአገሬውን ደንበኛ አያስደነግጥም። እንጀራን ገና ያልለመደ ኡጋንዳዊ ከጓደኞቹ ጋር ሲመጣ የሚያዘው አንዳች የሚያውቀው ነገር ያገኛል። ለስደተኛው ግን ፓስታው ሌላ ነገር ነው፤ የእናቱ ቤት የሐሙስ ራት፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ምሳ፣ የአዲስ አበባ ናፍቆት ነው። ፓስታው ጣሊያንን አያስታውሰውም፤ የሚያስታውሰው አገሩን ነው።

ልዩነቱን ለማየት ከኮረብታው ሳይወርዱ ሁለቱን ገበታዎች ማነጻጸር ይበቃል። ጣሊያናውያን ወደ ኡጋንዳ በዋናነት የመጡት በቅኝ ገዥነት አልነበረም፤ ከሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ጀምሮ በሰሜን ኡጋንዳ የሠሩት የኮምቦኒ ሚስዮናውያን ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በመክፈት ነው የሚታወቁት። ስለዚህ በካምፓላ የጣሊያን ምግብ ቤት ከጥሩ ራት ያለፈ ሸክም የለበትም፤ ፒሳው ፒሳ ነው። በሐበሻው ቤት የሚቀርበው ሰሐን ግን በአንድ ዘመን ተከልክሎ፣ በጓዳ ተሰርቆ፣ በድል ተወርሶ፣ በበርበሬ ተጠምቆ የመጣ ነው። በጣዕሙ ከጣሊያናዊው ሊያንስ ይችላል፤ በታሪኩ ግን አያንስም።

በአዲስ አበባ ይህን ታሪክ የሚናገሩት ግድግዳዎች እያነሱ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪውና ነጋዴው ተበትኗል። የቀደሙት ቡና ቤቶችና ምግብ ቤቶች የነበሩባቸው ጎዳናዎች መልካቸው ተለውጧል። ሕንፃ ሲፈርስ የሚናገረው ታሪክ ወደ ሌላ ማደሪያ ይሸጋገራል፤ ወደ ቃል፣ ወደ እጅ፣ ወደ ምላስ። በሽንኩርት መቁላያው ድስትና በስልሱ ሽታ የሚኖረው የፒያሳ ታሪክ ዛሬ ከፒያሳ ይልቅ በካባላጋላ፣ በጁባና በናይሮቢ ወጥ ቤቶች ሊገኝ ይችላል። ያን የሚያውቁ ሽማግሌ ወጥ ቤቶች፣ ከጣሊያናውያን ጓዳ የጀመሩ ወይም ከጀመሩት የተማሩ፣ በእድሜ እየደከሙ ናቸው። የሕንፃውን ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚቸኩል ትውልድ የእነርሱንም ቃል መዝግቦ ቢያስቀምጥ፣ ከፈረሰው ብዙ ነገር ይተርፋል።

አባቶች ምርኮኛውን አበሉት፤ ልጆቻቸው ከገዥው ገበታ ተከለከሉ፤ የልጅ ልጆች ገበታውን የራሳቸው አደረጉት፤ የዛሬዎቹ ደግሞ ይዘውት ተሰደው፣ ከሙየንጋ ኮረብታ ግርጌ ለሌላ ሕዝብ ያቀርቡታል።